የባለስፒሉ አስተርጓሚ

ልብስ ሰፊውን ሰፈሩ በሙሉ «ባለስፒሉ» ነው የሚለው። ሥራ ከጀመረ ስፒሎቹን በከንፈሩ ጥግ ነክሶ ይውላል፤ አፉ ወደ አንድ ወገን ጠመም ይላል፣ ንግግሩም ይጎለድፋል። ደንበኛዋ የሚላት አልገባት ሲል ወደ ሚስቱ ትዞራለች። እሷ ካውያዋን ሳታቆም፣ «ወገቡ ይጥበብ ወይ ነው የሚልሽ» ትላለች። «እሱ አፉን ሳይከፍት ገብቶኛል» እያለች ትኩራራ ነበር። እውነቷን ነው፣ በዚህ ማንም አይደርስባትም።

ደም ግፊት እንዳለበት ከተነገረው ቆይቷል። ኪኒኑን ጥቂት ጊዜ ዋጠና ደህና ነኝ ብሎ ተወው። ብትለምነው፣ ብትቆጣው፣ ጆሮ ዳባ ልበስ! «ምኔን አሞኝ?» ነው መልሱ። አይ ሰው! ግፊት ሳያሳምም ውስጥ ውስጡን እንደሚጎዳ ስንቱ ተነግሮት ስንቱ ሰማ? እሷም ጭቅጭቁ ሰልችቷት ዝም አለች።

አንድ ጠዋት ከጀርባዋ የሆነ ነገር ሲል ሰማች። የጋለ ካውያ ይዛ ነበርና ሳትዞር፣ «እሺ፣ ክሩን አመጣልሃለሁ» አለችው። ክር ማለቱን በምን አወቀች? በልማድ ነው። ምሳ ሲቀርብም አልበላም፤ ጨርቁ ላይ እንዳቀረቀረ ቀረ። ሥራ በዝቶበት ነው ብላ አለፈችው።

ከሰዓት በኋላ አንዲት አስተማሪ ያሰፋችውን ቀሚስ ልትለካ መጣች። ባለስፒሉ እያያት አጉረመረመ።

«እጅጌው ይጠር ነው የሚልሽ» አለች ሚስት ከካውያው ሳትነሳ። ደግሞ አጉረመረመ። «ታችኛውንም እናሳጥረዋለን ይላል።»

«እትዬ» አለች አስተማሪዋ ቀስ ብላ፣ «አፋቸው ውስጥ እኮ ስፒል የለም።»

ሚስት ዞረች። ስፒሎቹ ጠረጴዛው ላይ ናቸው። የጠመመው ራሱ አፉ ነው።

አስተማሪዋ ሁለት እጇን ወደ ፊት ዘርግታ እንደሷ እንዲያደርግ አሳየችው። ግራው ተዘረጋ፤ ቀኙ ወዲያው ወረደ። ሚስት ውሃ ልታጠጣው ብትሮጥ፣ አስተማሪዋ «ይተዉት፣ ትን ይላቸዋል። ስትሮክ ሳይሆን አይቀርም፤ አሁኑኑ ሐኪም ቤት ይሂዱ» ብላ መኪና ልትጠራ ወጣች።

ሐኪም ቤት ልጃቸው ከሥራዋ እየሮጠች ደረሰች። ሐኪሙ ሚስትየዋን እንዲህ አላት፦ «እናቴ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆነው ያዩዋቸው መቼ ነው? የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት አለ። ግን ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት በኋላ ከተሰጠ ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ሊያፈስ ይችላል።»

«አሁን ነው በይው፣ እማዬ» አለች ልጅ በሹክሹክታ።

አሁን ብትል መድኃኒቱ ይሰጠዋል፤ ግን ሊገድለውም ይችላል። እውነቱን ብትል ደግሞ ቀኑን ሙሉ አጠገቡ ውላ እንዳላየችው በገዛ አፏ መመስከሯ ነው።

«ትናንት ማታ ነው» አለች። «ጠዋት ያለኝን አልሰማሁትም። የሰማሁ መስሎኝ ነው።»

መድኃኒቱ ቀረ። በሌላ ሕክምና ነፍሱ ተረፈች፤ ቀኝ እጁና ንግግሩ ግን አልተመለሱም። ቤት ሲገባ የግፊቱን ኪኒን እሷ ናት በእጇ የምታስውጠው።

አንድ ቀን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ነገረችው፤ ስለ ክሩም፣ ለአስተማሪዋ ከራሷ ፈጥራ ስለተረጎመችውም። «ይቅር በለኝ» አለችው። እሱ ትክ ብሎ እያያት በተሳሰረ አንደበቱ ረጅም ነገር ተናገረ፤ ግንባሩን እስኪያልበው ድረስ ተናገረ።

ልጅ በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። «ይቅር ብዬሻለሁ ማለቱ ነው» አለች እናቷን ለማጽናናት።

«እንጃ» አለች እናት። «አልገባኝም።»

ወንበሩን አስጠግታ ፊት ለፊቱ ተቀመጠችና፣ «እስቲ እንደገና በለኝ» አለችው።