የታጠበው በርበሬ

ባለፈው ሳምንት ከቡታጅራ አንድ ጆንያ ዛላ በርበሬ ተላከልኝ። ባለቤቴ አፉን ፈታ አቧራውን ስታይ፣ «ትንሽ ለቅለቅ ላድርገው?» ብትለኝ፣ ቤት የተቃጠለ መስሎት ሰፈሩ ሁሉ እስኪወጣ ድረስ ጮኽኩ። እሺ፣ ሰፈሩ አልወጣም። ጩኸቱ ግን እውነት ነው።

በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ላይ ወልቂጤ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። ያኔ ስምንተኛ ክፍል ማለት የዛሬ ሦስት ዲግሪ ነው፤ ቢያንስ አረማመዴ እንደዚያ ነበር። ለገና ዕረፍት ቡታጅራ አጠገብ ወዳለው አጎቴ ሸረፋ ቤት ሄድኩ። በመካከል ያለውን ተራራ በእግር ማቋረጥ ለተማሪ አይመጥንም ብዬ በአዲስ አበባ ዞሬ፣ በጭነት መኪና ጆንያ ላይ ተቀምጬ፣ ጥርሴ ሳይቀር አቧራ ለብሶ ደረስኩ።

በርበሬ የሚለቀምበት ሰሞን ነበር። በግቢው ጅባ የሚባለው የእንሰት ምንጣፍ ተነጥፎ ቀዩ ዛላ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል፤ ነፋስ ሲነሣ ዶሮዎቹን ሳይቀር ያስነጥሳቸው ነበር። ጠባቂዋ የአጎቴ ልጅ ረህማት ናት፤ አሥራ አንድ ዓመት ቢሆናት ነው። አባቷ፣ «ይህን በርበሬ ደህና አድርገሽ አድርቀሽ ካስገባሽ፣ ለመስከረም ትምህርት ቤት አስገባሻለሁ» ብሏት፣ ፍየል ቀርቶ ደመና እንኳ በዱላ ታባርር ነበር። ያንኑ ዱላ እየተቀበልኩ መሬት ላይ ፊደል አሳያት ጀመርኩ። እስከ «መ» ደርሰን ነበር።

አንድ የገበያ ቀን አጎቴ ቡታጅራ ሄደ። ረህማትም ውሃ ቀድታ ከተመለሰች በኋላ እንጨት ለቀማ ወጣች። እኔ ከበርበሬውና ከዕውቀቴ ጋር ቀረሁ። የጤና መምህራችን፣ «ከማሳ የመጣ ሁሉ ይታጠብ» ብሎን የለ? ውስጡም ይጥራ ብዬ የትልቁን ጅባ ዛላ አንድ በአንድ ቀነጠስኩና ረህማት በቀዳችው ሁለት እንስራ ውሃ አጠብኩት። ሲያብረቀርቅ ኮራሁ። ወዲያው የአጎቴ በቅሎ ኮቴ ተሰማ። እርጥቡን ከምሬ፣ እንደ ማታው ልማድ በእንሰት ቅጠል ሸፈንኩት። ጥፋት መሆኑን አውቄ አልነበረም፤ ደርቆ ሲያዩት ላስደንቃቸው ብዬ ነው። ይህን ለራሴ ስነግረው ሃምሳ ዓመት ሆነኝ።

ረህማት ተመልሳ ባዶውን እንስራ አየች።

«ውሃዬን ማን ጠጣው?»

«ጥጃው» አልኳት።

«ሁለት እንስራ? ጥጃ ነው ዝሆን?»

የረጠበ እጅጌዬን አየችና እንስራውን አዝላ እንደገና ውሃ ልትቀዳ ሄደች።

ሁለት ቀን ሰማዩ ዳመነና በርበሬው ከነሽፋኑ ቆየ። በሦስተኛው ቀን አጎቴ ቅጠሉን ቢገልጠው ሻጋታው እንደ ሽማግሌ ጺም ወርዷል። ሽታው ወልቂጤ ድረስ ይሄዳል።

«ማነው የቀነጠሰው?» አለ።

መቀንጠስ የሴት ሥራ ነውና ጥፋቱም የሴት ሆነ። አጎቴ ወደ እኔ ዞር ብሎ እንኳ አላየም። ረህማት ግን አየችኝ። አፌን ከፈትኩ፤ ያ ሌላ ጊዜ የማይዘጋ አፌ አየር አስገብቶ ተዘጋ።

«በርበሬ መጠበቅ ያቃተሽ ፊደል ልትጠብቂ ነው? ወላሂ፣ የትምህርት ቤት ደጅ አትረግጪም!»

አልረገጠችም። በማግስቱ ለመንገዴ ቆጮ የቋጠረችልኝም እሷው ናት። መሬት ላይ የጻፍነውን ፊደል ዶሮ ጭሮት ነበር።

ይህን ታሪክ ከቤቴ ውጭ ለስንቱ አውርቼ አስቄበታለሁ። ሁልጊዜ የማቆመው ግን የሻጋታው ጺም ላይ ነው።

ረህማት ዛሬ አያት ናት። በየዓመቱ በርበሬ ትልክልኛለች። ስንደዋወል ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጆቹ እናወራለን እንጂ ያን በርበሬ አንድም ቀን አንስተነው አናውቅም።

ጩኸቴ ሲበርድ ባለቤቴ ከጆንያው ውስጥ ብጣሽ ወረቀት አወጣች። ፊደሉ ተንጋዷል፤ አንዱ ቆሟል፣ አንዱ ተኝቷል። «በርበሬውን አታጥበው። ከ‹መ› በኋላ ያለውን የልጅ ልጄ አስቆጠረችኝ። ረህማት።»

«ምን ማለቷ ነው?» አለች ባለቤቴ፣ ዓይኔን እያየች።

በርበሬው አቃጥሎኝ ነው ልላት ስል ጥጃው ትዝ አለኝ። ተቀመጪ አልኳትና ከመጀመሪያው ጀመርኩላት። በዚህኛው ጊዜ ሻጋታው ላይ አላቆምኩም።