ስኳር የጎደለው ደም

የአውቶቡስ ሾፌሩን «ለስላሳ» ያሉት ባልደረቦቹ ናቸው። እነሱ ቢራ ሲያዙ እሱ ለስላሳ ያዛል፤ ዕድሜውን ሙሉ መጠጥ አልቀመሰም።

የስምሪት ኃላፊው ግን ከሰው ቃል ይልቅ ደም ያምናል። መጠጥ ያዘወተረ ሰው ደሙ ውስጥ ያለ አንድ ፕሮቲን ስኳር ይጎድለዋል ሲባል ከስብሰባ ሰምቶ መጣ። የሾፌሮቹን ሁሉ ደም ላስመርምር አለ። ታዲያ የምርመራውን ቀን ከወር በፊት በማስታወቂያ ለጠፈው፤ ለሌባ ቀጠሮ እንደሚሰጥ ዘበኛ። ግድግዳ ተደግፈው ቤታቸው የሚገቡት ሁሉ ወሩን አፋቸውን ዘግተው ከረሙና ንጹሕ ተባሉ። ስኳር የጎደለው ለስላሳ ብቻ ሆነ።

«ለካ ለስላሳ ጠርሙሱ ብቻ ነው እንጂ ውስጡ ሌላ ነው» አለ መካኒኩ፤ ጋራዡ በሳቅ ፈረሰ።

ለስላሳ ስሙን ሊያጠራ ሐኪም ዘንድ ሄደ። ደጋግማ መረመረችው።

«መጠጥ አይደለም» አለችው። «ስኳር ዝም ብሎ ፕሮቲን ላይ አይለጠፍም። ህዋስ ውስጥ አንድ ቅባት አለ፤ ስኳሩን እያነባበረ ይሸከምና ሸክሙን እንዳለ ለፕሮቲኑ ያስረክባል። የእርስዎ ተሸካሚ ቅባት ከውልደትዎ ጀምሮ ያንሳል። ፕሮቲኑ ራቁቱን ይወጣል።»

«እሰይ። ሰካራም አይደለሁማ።»

«እግርዎ አልታዘዝ ብሎዎት ያውቃል?»

ባለፈው ሰሞን እግሩ ፍሬኑን ፈልጎ ዘግይቶ፣ አንዲት ተማሪ ለጥቂት ነበር የተረፈችው። ድካም ነው ብሎ ለማንም አልተነፈሰም።

«ሕመሙ የሰውነት ሚዛንን ይነካል። ከእንግዲህ መንዳት የለብዎትም።»

ሚስቱ ይህን ስትሰማ፣ «ጠጥቼ ነው በልና ተገላገል» አለችው። «ሰካራም ሁለት ወር ታግዶ ይመለሳል። በሽተኛን ማን ይመልሰዋል?»

«ያልቀመስኩትን?»

«ልጆቹም የሚቀምሱት እንዳያጡ ነዋ።»

እውነቷን ነው። እኛ ዘንድ ሰካራም ይመከራል፤ በሽተኛ ይሸኛል።

በማግስቱ ኃላፊው በር ዘግቶ አስቀመጠው። «ወንድሜ፣ የማይጠጣ ማን አለ? አመንኩ በለኝና ነገሩን እዚሁ እንጨርሰው።»

ለስላሳ «እሺ» ሊል ነበር የመጣው። ቃሏ ግን ምላሱ ላይ ደርሳ ቆመች።

«እግሬ ነው» አለ። «ፍሬን ይስታል። ሰው ልገድል ነበር።»

ኃላፊው ለሰካራም ያዘጋጀው ምክር አፉ ውስጥ ቀረ። «እንዲያ ከሆነማ…» ብሎ የአውቶቡሱን ቁልፍ ተቀበለው።

ለስላሳ ደረጃውን ሲወርድ የብረት መደገፊያውን ጨብጦ ያዘ። እስከዚያች ቀን፣ ሲደገፍ ሰው እንዳያየው ብሎ፣ ነክቶት አያውቅም።