ሾፌር ያጣው ኮምፒውተር

ባለቤቴ ያን አሮጌ ኮምፒውተር ከጨረታ ገዝቶ ሲያመጣው ብስራተ ገብርኤል አንዲት ክፍል ቤት ተከራይተን ነበር የምንኖረው። እሱ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። እኔ መሥሪያ ቤት ውስጥ የቤት ፕላን በእጄ እሥላለሁ። ዘጠናዎቹ እየተገባደዱ ነበርና ቢሯችን ኮምፒውተር ሲገባ ስልጠናውን ለወንዶቹ ሰጥተው እኔን አለፉኝ። ቤቴ ቁጭ ብዬ እማረዋለሁ ብዬ ቆረጥኩ።

ኮምፒውተሩ ምንም ፕሮግራም ያልተጫነበት ባዶ ነበር። ውጭ አገር ተምሮ የመጣ አንድ መሐንዲስ ባልደረባዬ ሊኑክስ የሚባል፣ በነጻ የሚጫን ፕሮግራም ያለበት ሲዲ ሰጠኝና መስክ ወጣ። መጫኑ ብዙም አላስቸገረኝም። ጥቁር ስክሪን ላይ ነጫጭ ፊደል መጣ፤ ትእዛዝ ስጽፍለት ይመልስልኛል። ሥዕል የሚታይበትን ክፍል ክፈት ስለው ግን ለቀናት እምቢ አለኝ፤ አንድ ማታ ጭራሽ ስክሪኑ በሰያፍ መስመር ተቆራረጠና ያፏጭ ጀመር። ደንግጬ ከሶኬቱ ነቀልኩት።

“ምን ሆነ?” አለ ባለቤቴ፣ አልጋው ላይ ጋደም እንዳለ።

“ድራይቨሩ ነው። ትክክለኛውን አልሰጠሁትም።”

“ድራይቨር ሾፌር ማለት አይደለም እንዴ?”

“እንደዚያ በለው። የምስል ካርዱን የሚያሠራው እሱ ነው። የካርዱን ዓይነት ካላወቅኩ የቱን እንደምሰጠው አላውቅም።”

ተነስቶ ተቀመጠ። “ታዲያ ከፍተሽ ሳታዪው ነው ስትገምቺ የሰነበትሽው?”

እውነቱን ነው። የኮምፒውተሩ ሳጥን ላይ የተጻፈውን ስም ይዤ ፕሮግራሙ ከሚያሳየኝ የካርዶች ዝርዝር አንዱን ስመርጥ፣ እምቢ ሲለኝ ሌላውን ስሞክር ነበር የሰነበትኩት። ሲዲው ላይ ያለው መመሪያ ደግሞ ለስክሪኑ የተሳሳተ የፍጥነት ቁጥር መስጠት ሊያቃጥለው እንደሚችል ያስጠነቅቃል። ከተቃጠለ ሌላ የምናመጣበት ቦታ የለንም፤ በእያንዳንዱ ሙከራ እጄ ሶኬቱ ላይ ነበር።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ካቻቪቴውን አመጣና ሳጥኑን ከፈትነው። አቧራው እንደ ጥጥ ተጋግሮበታል። አቧራውን ጠርገን ካርዱን ስናወጣ የቺፑ ስም ላይ ወረቀት ተለጥፎበታል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያዬን በጥጥ ነክሬ ወረቀቱን ቀስ እያልኩ አነሳሁት። እሱ ባትሪ አበራልኝ፤ እኔ አነበብኩ። ስሙ ከገመትኳቸው ከአንዱም ጋር አይገናኝም።

ካርዱን መልሰን ገጠምንና ያነበብኩትን ስም ከዝርዝሩ መረጥኩ። ስክሪኑ ጨለም አለና ወደ ነጫጭ ፊደሉ ተመለሰ።

“ይኸኛውም አልሆነም” አለ።

“አላፏጨም እኮ። ምን እንደሚል ላንብበው።”

የጠየቅኩት የቀለም ብዛት ከካርዱ ሜሞሪ አቅም በላይ ነው ይላል። ላስተካክል ስል መብራት ጠፋ። ባለቤቴ ተስፋ የቆረጥኩ መስሎት፣ “ለዛሬ ይብቃሽ” አለኝ። ምሳ አቀረብኩና በላን፤ መብራቱ ሲመጣ ግን ሳህኑን ሳላነሳ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ቀለሙንም የምስሉንም መጠን ቀነስኩና እንደገና አዘዝኩት።

ስክሪኑ ጨለመ። ቀጭ አለ። ከዚያ ግራጫ ሆነና መሐሉ ላይ ትንሽ የኤክስ ምልክት ብቅ አለች። ማውሱን ስነካው ተንቀሳቀሰች።

“ይኸው ነው?” አለ፣ አንገቱን አስግጎ።

“ይኸው ነው” አልኩት።

ምስሉ ወደ ግራ ተገፍቶ ስለነበር የስክሪኑን ቁልፎች እያዞርኩ መሐል አመጣሁት። ሲዲው ላይ የነበረውን የሥዕል ፕሮግራም ከፍቼ የምንኖርባትን ክፍል ፕላን መሥራት ጀመርኩ። ባለቤቴ ጣቱን ስክሪኑ ላይ አሳርፎ፣ “በሩ እኮ በዚህ በኩል አይደለም” አለኝ። ቢሮ ቢሆን ቀለሙን በምላጭ ልፍቅ፣ ወረቀቱ እንዳይቀደድ ትንፋሼን ልይዝ ነው። እዚህ ቁልፉን አንዴ ስጫን የተሳሳተው መስመር ጠፋ። በሩን በቦታው ሠራሁት።

ሰኞ ጠዋት አለቃዬ ቢሮ ገብቼ ለቀጣዩ ስልጠና እንዲመዘግበኝ ጠየቅኩት።

“ኮምፒውተር ነክተሽ ታውቂያለሽ?”

“አውቃለሁ” አልኩትና ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ስሜን እስኪጽፍ አልተነሳሁም።