ማንም አልሞተም

ጽጌ ጡረታ ስትወጣ የፋብሪካው ሰዎች ጋቢ አልብሰው፣ ኬክ አስቆርሰው ሸኟት። ዕድሜዋን ሙሉ በጨርቃጨርቁ ፈትል ክፍል ከማሽን ጋር ስትጯጯህ የኖረች ሴት ናት፤ ቤቷ ገብታ ስትቀመጥ ጸጥታው ራሱ ይጮህባት ጀመር። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ልጆቿ አንዷ ሐዋሳ፣ አንዱ አዳማ ናቸው። ዓባይ ማዶ ባለችው ቤቷ ውስጥ ከእሷ ሌላ ድምፅ ያለው ነገር ማቀዝቀዣው ብቻ ነበር፤ እሱም መብራት ሲጠፋ ዝም ይላል።

ሁዳዴ ሲገባ ወደ ዜማ ሱቅ ሄደች። ዜማ ስልክ የምትጠግን፣ ሚሞሪ ላይ መዝሙር የምትጭን የሰፈሩ ልጅ ናት። «በገና ጫኝልኝ፤ ቃል የሌለው ይሁን፣ ድርደራው ብቻ» አለቻት። የተጫነላትን ጾሙን ሁሉ ሰማችው። ወፍራም፣ ከሆድ የሚወጣ፣ አንዳንዴም እንደ ሰው የሚያጉረመርም በገና ነው። የለመደችውን በገና አይመስልም፤ ቢሆንም አንድ መናኝ በራሱ መንገድ የሚደረድረው ይሆናል ብላ ተቀበለችው። እየሰማች ሰገደች፤ እየሰማች አለቀሰች።

ከፋሲካ በኋላ ሚሞሪውን ይዛ ብትመለስ ዜማ ከፍታ አየችና ክው አለች። ተሳስታ የጫነችው የፈረንጆቹን ክላሲካል ነው። መሣሪያውም ቼሎ ይባላል።

«እትዬ፣ በናትሽ ይቅርታ! አሁኑኑ አጠፋዋለሁ።»

«እጅሽን ሰብስቢ!» አለች ጽጌ። «እኔ የጾምሁበትን አንቺ ታጠፊዋለሽ? እንዲያውም ሌላ ካለሽ ጨምሪልኝ።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ጽጌ ሞኝ አይደለችም፤ የያዙትን ባለመልቀቅ ግን የሚስተካከላት የለም። ከቼሎ ወደ ቫዮሊን፣ ከቫዮሊን ወደ ፒያኖ ተሻገረች። አንዱን ሙዚቃ ሦስት ሰዎች ተጫውተውት ብትሰማ አንዱ ይሮጣል፣ አንዱ ያዘግማል፣ አንዱ መሃል ላይ ቆም ብሎ የሚያስብ ይመስላል። ይህን ስትደርስበት ብቻዋን ሳቀች። ከሳቀች በኋላ ለማን እንደምትነግረው ጠፋት። ስልኳን ብትከፍት ያላት የቴሌግራም ግሩፕ አንድ ብቻ ነው፤ የእድሩ።

የእድሩ ግሩፕ የተከፈተው ለመርዶ ነው። ከዚያ በፊት የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ጋሽ መርስዔ ኀዘን በየመንገዱ እየነፉ ያረዱ ነበር። አሁን ስልክ ተካቸውና ጥሩምባቸው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ።

ጽጌ አንድ ማለዳ ሙዚቃውን ለጠፈችና ከሥሩ ጻፈች። «ዛሬ የምሰማው፦ ቼሎ፣ ብቻውን። የሚጫወተው ሽማግሌ ነው፤ ሲተነፍስ ይሰማል። እናንተስ ምን እየሰማችሁ ነው?»

የሰፈሩ ስልክ ሁሉ ጮኸ። ሰው በእንቅልፍ ዓይኑ ሲከፍተው በቀስታ የሚጎተት የክር ድምፅ ነው። በእኛ አገር ደግሞ ሬዲዮ ፕሮግራሙን አቋርጦ እንዲህ ያለ ነገር ካሰማ ትልቅ ሰው ሞቷል ማለት ነው፤ ይህን ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ጽሑፉን ያነበበ አልነበረም፤ የላኪውን ስም አይቶ ነጠላውን ያዘቀዘቀ ሁሉ ወደ ጽጌ ቤት ሮጠ። «ወይኔ ጽጌ! ወይኔ እህቴ!» እየተባለ አጥሩ ሲናጥ፣ በሩን ራሷ ጽጌ መፋቂያዋን በአፏ እንደያዘች ከፈተችው።

ሌላዋ ብትሆን አፍራ ትተወው ነበር። ጽጌ በማግስቱ እንዲህ ብላ ጀመረች፦ «ማንም አልሞተም። ዛሬ የምሰማው…»። ከዚያ ወዲህ የየቀኑ መልእክቷ በዚችው ቃል ይከፈት ጀመር።

አንድ ቀን የጥሩምባ ሙዚቃ አገኘች። ጋሽ መርስዔ ቴሌግራም የሚከፍት ስልክ ስለሌላቸው፣ ጧፍ ወደሚሸጡበት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሄዳ ስልኳን ጆሯቸው ላይ አደረገችላቸው። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ።

«ይህ ሰውዬ ማንን እያረዳ ነው?»

«ማንንም። ደስ ብሎት ነው፣ ጋሼ።»

«ጥሩምባ ለደስታ?» አሉ። «እኔ ጥሩምባዬን ይዤ ስወጣ ፊቱን ያላዞረ ሰው አይቼ አላውቅ።» ጆሯቸውን ወደ ስልኩ አስጠግተው «እስቲ ድገሚው» አሏት።

የእድሩ ዳኛ አቶ አዘዘ ክፉ ሰው አይደሉም። ልጃቸው የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ በዚህ ዘመን መንገድ ላይ ልጅ ያለው ሰው ስልክ በጮኸ ቁጥር ምን እንደሚሆን ማንም ያውቀዋል። ደጋግመው መከሯት፤ አልሰማ አለች። በመጨረሻ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እድርተኛውን ድንኳንና ብረት ድስት ወደሚቀመጥበት ቆርቆሮ ቤት ሰበሰቡ።

«ወይዘሮ ጽጌ፣ ይህ ግሩፕ የመርዶ ነው» አሉ። «ባለቤቴ ወለተ ሥላሴ ስልኩ ሲጮህ ደረቷን ትይዛለች። እድሩን ይቅርታ ይጠይቁና ነገሩን ይተዉት። አለዚያ ስምዎ ይሰረዛል።»

ከእድር መሰረዝ ቀልድ አይደለም። ድንኳን የሚተክል፣ ቃሬዛ የሚሸከም፣ ከልጆቿ ጋር ሠልስት የሚቀመጥ የለም ማለት ነው። ጽጌ ፈራች፤ እንደፈራች ተነሥታ ቆመች።

«ወለተ ሥላሴን በማስደንገጤ አዝኛለሁ። ቤቷ ሄጄ እግሯ ላይ እወድቃለሁ። እድሩን ግን ይቅርታ አልልም! ግሩፑን ከላይ እስከ ታች አየሁት፤ ስሙ የተጻፈ ሰው ሁሉ የሞተ ነው። ጎረቤቴ ሕዝቅኤል ክራር ይመታ እንደነበር መቼ አወቅሁ? ልጁ ለቅሶው ላይ ሲናገር! ዕድሜ ልካችንን አጥራችን አንድ ነበር እኮ! እኔ ስሜ በቁሜ ይጻፍ። ምን እንደምሰማ ሳልሞት እወቁልኝ፤ እናንተም ሳትሞቱ ንገሩኝ።»

«እስቲ እሱ የምትሰሚው ነገር ምንድን ነው?» አለ አንዱ ከኋላ።

ጽጌ ስፒከሯን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ከፈተችው። ቼሎው ገና አንድ ጊዜ ሳብ ሲደረግ ወንዶቹ ቆባቸውን አውልቀው ቆሙ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። አቶ አዘዘ ሳይታወቃቸው አንገታቸውን ደፉ።

«ተቀመጡ!» ብላ ጮኸች። «ማንም አልሞተም!»

ሳቅ ነበር፤ ግን ሳቅ ድምፅ ሆኖ አይቆጠርም። «ትሰረዝ የምትሉ» ሲባል የተነሡት እጆች በዙ። ከእነዚያ እጆች መካከል ከአንድ ማዕድ አብረዋት የቆረሱ ነበሩ፤ እሱ ከሁሉ በላይ አንጀቷን አቃጠላት። ቤቷ ሳትደርስ ስልኳ ከግሩፑ መወገዷን ነገራት።

በማግስቱ ጠዋት ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስ መጋረጃውን ሲያወዛውዝ ተነሣች። ሙዚቃ መረጠች፤ «ማንም አልሞተም» ብላ ልትጽፍ ስልኳን አንሥታ ቦታ እንደሌላት ትዝ አላት። እስከ ዛሬ እንዲህ ብቸኝነት ተሰምቷት አያውቅም። ወዲያው ደግሞ ንዴቷ መጣ። ነፋስን ከግሩፕ የሚያስወጣ ዳኛ የለ! መስኮቱን በርግዳ ስፒከሯን ወደ መንገዱ አዞረችው።

ያን ጊዜ ነው ጥሩምባው የተሰማው።

እውነተኛው፣ የድሮው ጥሩምባ። ሰፈሩ ከሰማው ስለቆየ ሁሉም ነጠላውን እየጎተተ ወጣ። ጋሽ መርስዔ ነጭ ለብሰው መንገዱን እየነፉ መጡና ጽጌ በር ላይ ቆሙ።

«የሰማህ ላልሰማህ አሰማ!» አሉ። «ማንም አልሞተም! ጽጌ አለች!»

አቶ አዘዘ ነጠላ ጫማቸውን እግር ለእግር አፋልሰው እየሮጡ ደረሱ። «ጋሽ መርስዔ፣ አብደዋል? ማን ፈቀደልዎ?»

«ዕድሜ ልኬን ሰው የለም ብዬ ስነፋ ፈቃድ አምጣ ያለኝ የለም» አሉ ሽማግሌው። «ዛሬ አንድ ቀን ሰው አለ ብዬ ብነፋ ነው ፈቃድ የሚያስፈልገኝ?» ጥሩምባቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው ወደ በሩ ዞሩ። «ጽጌ! ዛሬ ምንድን ነው የምትሰሚው?»

ይህን ያህል ጊዜ ስትለጥፍ ለመስማት ፈልጎ የጠየቃት ሰው አልነበረም። ጽጌ በሩን ከፍታ ወጣች። ዕንባዋ መጣ፤ አልጠረገችውም። ከማሽን ጋር ስትጯጯህ ባዳበረችው ድምፅ መለሰችላቸው፣ መንገዱ ሁሉ እንዲሰማ።

«ቫዮሊን ነው! ሁለት ሆነው ነው የሚጫወቱ። አንዷ ስትሸሽ አንዷ ትከተላታለች። ማንም አልሞተም፤ ግቡና ስሙ!»

የቆመው ሁሉ አቶ አዘዘን አየ። አቶ አዘዘ መሬት መሬት አዩ። ወለተ ሥላሴ ግን ያዘቀዘቀችውን ነጠላ ገልብጣ በደንቡ አጣፋችው፤ ባሏን ሳታይ በሩን አልፋ ገባች።