አጥንት የማይደርስ ወተት

መቼ ነው የምትመለሺው? ከከምባታ በወጣሁበት ንጋት እናቴ እንሰቱ ሥር ቆማ የጠየቀችኝ ይህን ነበር። "ሲሻለኝ" ብያት መኪና ውስጥ ገባሁ። እስካሁን ሌላ መልስ አላገኘሁለትም።

ኑሮዬን ስደት እለዋለሁ፤ ባሕር የተሻገርኩ ግን እንዳይመስላችሁ። ኩላሊቶቼ ሥራ አቆሙ፤ ደም የሚያጥበው ማሽን ደግሞ እኛ ጋ በአቅራቢያ የለም። አንድ ቀን እያሳለፈ ማሽን ላይ የሚተኛ ሰው ከማሽኑ አይርቅም። ስለዚህ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ዳገቱ ላይ፣ አንድ ክፍል ተከራየሁ። ብርዱስ! ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ ባሕር ዛፉን አልፎ በቀጥታ ጉልበቴ ውስጥ ይገባል። እኛ ጋ እንሰቱ ራሱ ነፋስ ይከልላል።

አከራዬ እትዬ አልማዝ ውሃ ተለክቶ እንደሚፈቀድልኝ ሲሰሙ፣ "ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ውሃ የማትጠጣ ተከራይ! መርጦ ላከልኝ እኮ" አሉ። ሳቅሁ፤ ጥማቱ ግን አልሳቀም። ደግሞ ደግ ናቸው። ደረጃውን ጉልበቴን ይዤ ስወጣ አይተው ወተት በብርጭቆ አመጡልኝ።

"ጠጪ፣ ለአጥንት ነው።"

"ሐኪሙ ቀንሺ ብሎኛል፣ እትዬ።"

"ወተት ደግሞ ምን አጠፋ?"

ዘግይቼ ስለተማርኩ ነው መሰለኝ፣ ነገር በግማሽ ማወቅ አልወድም። አስረዳኋቸው፦ ፀሐይ ቆዳችን ላይ የምትጀምረውን ቫይታሚን ዲ ለሥራ የሚያበቃው ኩላሊት ነው። እሱ ሲደክም አንጀት ካልሲየሙን እንደ ድሮው አይቀበልም፤ ብዙው እንዲሁ ያልፋል። ደምም የጎደለውን ከአጥንት ይመዛል። ወተቱ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ የሚባል ማዕድን ደግሞ የሚያስወጣው አጥቶ ደም ውስጥ ይከማቻል።

እትዬ አልማዝ ብርጭቆውን መልሰው ያዙ። "ፀሐዩንስ አልከለከሉሽም?"

"አልከለከሉኝም።"

"ረስተውት ይሆናል" አሉና በረንዳው ላይ የምቀመጥበት ዱካ አወጡልኝ።

መስቀል ሲቃረብ እናቴ የደወለችልኝ እዚያ ዱካ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ነው። እኛ ዘንድ ለመስቀል የማይመለስ የለም፤ እኔ ግን በየዓመቱ "ለሚመጣው" እያልኩ አልፌዋለሁ።

"ላሟ ወለደችልሽ" አለችኝ። "ወተቱን እየጠጣሽ አጥንትሽ ሲጠና፣ ከዚያ ወዲያ የትም አትሄጂም።"

"እማ" አልኳት፣ "እኔ እኮ እየተሻለኝ አይደለም። ያለ ማሽኑ አልኖርም። ወተቱም አጥንቴ አይደርስም።"

ከስልኩ ወዲያ ጥጃው ሲጮኽ ይሰማኛል።

"እዚያ ፀሐይ አለ?" አለች በመጨረሻ።

"አለ። አሁንም እየሞቅሁ ነው።"

"ሙቂ እንግዲህ።"

ስልኩን አልዘጋችውም፤ እኔም አልዘጋሁም። መቼ እንደምመለስ ግን አልጠየቀችኝም።