ጸበል የጠገበ ሲጋራ

ለልጄ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት እግዜር ዕድሜ ይስጣት፤ ሲጋራ ያስጣለችኝ እሷ ናት። ንፋስ መውጫ ባጃጅ እየነዳሁ ነው የምኖረው። ወላጆችን ሰብስባ ስለ ሲጋራ ስትመክረን በአንድ ጆሮዬ ሰምቼ በሌላው አፈስስ ነበር፤ ለልጆቹም መንገሯን አላወቅኩም።

አንድ እሑድ የንስሐ አባታችን ቤታችንን ጸበል ሊረጩ መጡ። ማጨሴን እሳቸው አያውቁም። ቆመን ጸሎት ስንሰማ ልጄ ከኮቴ ኪስ የሲጋራ ፓኮዬን አውጥታ ዘረጋችላቸው።

«አባ፣ ይቺንም ይርጩልኝ። አባዬን የምታሳምመው እሷ ናት፣ መምህርታችን ነግራናለች።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ባለቤቴ አቀረቀረች። አባ ፓኮውን አዩ፣ እኔን አዩ። ቁጣቸውን ስጠብቅ ፓኮውን ከፍተው እስኪበሰብስ ድረስ ጸበሉን አፈሰሱበት። ከዚያ ወደ ልጄ ጎንበስ አሉ።

«ክብሪቱንስ የት ነው የሚያስቀምጠው፣ ልጄ?»