በሁዳዴ የተመረጠው ኦርጋን

የአዲስ ካርቶንና የስፖንጅ ሽታ ለሌላው ሰው ምንም አይደለም፤ እኔን ግን ልቤን ቀጥ ያደርገዋል። በቀደም ልጄ ሰላም፣ ሠርግ ላይ ስትዘፍን ከሚያጅባት ጓደኛዋ ጋር የመጀመሪያ ኦርጋናቸውን ተሸክመው መጡና መደቡ ላይ ካርቶኑን ሲቀድዱት ያ ሽታ ቤቱን ሞላው። እኔ እንደ ልማዴ መጀመሪያ የታየኝ አደጋው ነበር፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ እንዳያቃጥለው ሶኬቱን ነቀልሁ፣ አቧራ እንዳይገባው ነጠላ ደረብሁበት፣ ገመዱ ሰው እንዳይጠልፍ ወደ ግድግዳው ገፋሁት። ያን ጊዜ ጎረቤቴ በበሩ አንገቷን አስግጋ፣ «ዘውዴ፣ የቄስ የልጅ ልጅ አዝማሪ ልታደርጊ ነው?» አለችኝ። «አዎ፣ ምነው? አንቺም መጥተሽ ትጨፍሪያለሽ» አልኋት። ፈሪ ሴት ነኝ፤ ልጆቼ ውሃ ሊቀዱ ሲወርዱ እንኳ ገደሉን እያሰብሁ እስኪመለሱ ደጃፍ የምቆም ነኝ። በዚህ ነገር ግን አልፈራም፤ የዚህን ፍርሃት ገና በልጅነቴ ጨርሼዋለሁ።

ያደግሁት ገነተ ማርያም አጠገብ፣ በድንጋይ በተሠራ ክብ ቤት ውስጥ ነው። አባቴ ቄስ ነበሩ፤ ከቅዳሴ ሲመለሱ ደጃፍ ላይ ቆመው ጤዛ ያራሰውን የጋቢያቸውን ጫፍ ሲጨምቁ እኛ ልጆች ጨዋታችንን አቋርጠን እንደ አይጥ ጭጭ እንል ነበር። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ድምፄ ግን ቀድሞኝ አድጎ ወፍሮ ነበርና፣ እናቴን ከጓሮ ስጠራት «የማን ጎረምሳ ነው ደግሞ?» እያለች ትስቅብኝ ነበር። ሰንበት ትምህርት ቤት ውስጥ ከበሮ የምመታው እኔ ነበርሁ። ጠፍሩን በትከሻዬ አጥልቄ ስመታው ጉርምርምታው ሆዴ ድረስ ይገባና ከድምፄ ጋር ይቀላቀላል፤ ያን ጊዜ ወፍራም ድምፅ ያላት ሴት ልጅ መሆኔ አያሳፍረኝም ነበር።

ታላቅ ወንድሜ ሙሉጌታ ወልድያ ለመምህርነት ሲማር የኮሌጁን ኦርጋን መነካካት ለምዶ መጣ። በፋሲካ ማግስት ሙጃ በምትባለው ደጋ ላይ የሚዳር ጓደኛ ነበረውና «እኔ እጫወታለሁ፣ አንቺ ትዘፍኛለሽ» ብሎ ነገሩን በራሱ ጨረሰው፤ ያጠራቀማትንም ይዞ ኦርጋን ሊገዛ ተነሣ። እዚህ ላይ የአገራችንን ነገር ልንገራችሁ። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ስለሆነ፣ ኦርጋን የሚገዛው ሰው ለመለማመድ ሲል በሁዳዴ ይገዛል፤ በሁዳዴ ደግሞ የሚዘፍን አፍ የለም። ስለዚህ ኦርጋን የሚመረጠው በዓይን ነበር፣ ሙሽራ ሳያነጋግሩ እንደሚመርጡት ማለት ነው። ከዓመት በፊት አንድ የፍላቂት ከተማ ልጅ እንዲሁ መብራቱን አይቶ ገዝቶ፣ ሠርጉ ቀን ላይ ውስጡ ያለው የከበሮ ምት የፈረንጅ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ሚዜዎቹ ትከሻቸውን አዘጋጅተው ተኩሶ እንደ ጨረሰ ጠመንጃ ባዶአቸውን ቆሙ፤ ዘፋኟም ኦርጋኑ ከፍ ብሎባት ልትደርስበት ስትጮህ ድምፅዋ ተሰነጠቀ። ሳቁ እስከ ክረምት አላለቀም።

እኔ ሳቁን ነበር የፈራሁት። ስለዚህ ወልድያ አብሬው ካልሄድሁ ብዬ ተከተልሁት።

ሱቁ ጠባብ ነበር፤ እስከ ጣሪያው በካርቶን ተደርድሮ ያ የስፖንጅ ሽታ አፍንጫ ይይዛል። ባለሱቁ ጨዋታ አዋቂ ነው፤ ከመግባታችን አንድ ትልቅ፣ መብራቱ የሚንቦገቦግ ኦርጋን አውጥቶ አንዲት ቁልፍ ሲጫን፣ ውስጡ የተቀዳ ዘፈን ያለ ሰው እጅ ይንጣጣ ጀመር። የወንድሜ ዓይን እዚያው ቀረ። እኔ በሩ ላይ ነጠላዬን አፌ ድረስ ስቤ ቆሜያለሁ። «ዘውዴ፣ ቀስ ብለሽ አንዴ ብቻ በይልኝ» አለኝ። «ጾም ነው» አልሁት። መዝሙር ልበል ብልም በኦርጋን መዝሙር ለእኛ ነውር ነው። ባለሱቁ ሳቀና፣ «አብሽሪ እህት ዓለም፣ ኦርጋኑ እንደሁ አይጾምም!» አለ።

በዚህ መሐል የባለሱቁ ሚስት ያዘለችው ሕፃን በጩኸቱ ደንግጦ አለቀሰ። እናትየው ዕቃ በሁለት እጇ ይዛ ስለነበር ሕፃኑን ተቀበልኋትና፣ ሳላስበው እንደ ቤቴ እየወዘወዝሁ እሹሩሩ ማለት ጀመርሁ። ሙሉጌታ ዞር ብሎ አየኝና በዚያ በባለ መብራቱ ድምፄን ይፈልግ ጀመር። አላገኘኝም። እሱ ገና ጀማሪ ስለሆነ ከአንድ ቦታ ተነሥቶ መጫወት ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ያ ቦታ ደግሞ ለወፍራሙ ድምፄ ሰማይ ነው። «ትንሽ ከፍ በይ» አለኝ። «አልልም፤ ሕፃኑ ሊተኛ ነው፣ አንተ ና» አልሁት። በሕይወቴ ታላቄን እንዲያ ስመልስ የመጀመሪያዬ ነበር።

ያን ጊዜ ከታች ካርቶን ላይ የተቀመጠ፣ መብራት የሌለው፣ ግራጫ ኦርጋን ሳበ። በጥርሶቹ ላይ የጣቱን ቦታ ሳይለውጥ የኦርጋኑን ድምፅ በሙሉ ዝቅና ከፍ የምታደርግ ቁልፍ ነበረችው፤ እሷን እየተጫነ ወረደ፣ ወረደ፣ ከድምፄ ሥር ገብቶ እንደ ትራስ ደገፈኝ። ቀጥሎ ምቶቹን አንድ በአንድ ሲሞክር እንደ ጭፈራችን ምት፣ እንደ ችክችካ የሚረግጥ አገኘ፤ እሱንም አዘግይቶ አዘግይቶ ከመወዝወዜ ጋር አንድ አደረገው። ሕፃኑ ተኛ። ሙሉጌታ ኦርጋኑን ገልብጦ ከሥሩ የባትሪ ድንጋይ ማስገቢያ መኖሩን አየ፤ ሙጃ ላይ የሠርጉ ቤት መብራት አልነበረውም። አንሥቶም ክብደቱን መዘነ፤ በበቅሎ የሚሄድ ዕቃ ነው። ባለ መብራቱን ትተን ግራጫውን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለን ወጣን።

ወሬው ግን ከእኛ ቀድሞ ቤት ገብቷል። ከአገራችን ሰው አንዱ በሱቁ በር ሲያልፍ ሰምቶ፣ «የቄሱ ልጅ በሁዳዴ ዘፈነች» ብሎ ነዝቶታል። አባቴ ራት ሳይቀምሱ ጠሩኝ። በሩ ላይ እንደ ቆምሁ፣ «አባባ፣ ያልሁት እሹሩሩ ነው፤ እሹሩሩ ዘፈን ከሆነ እናት የተባለች ሁሉ ጾም ገድፋለች» አልኋቸው። እናቴ ከጓዳ ሳቋን ስታፍን ተሰማኝ። አባቴ መሶቡን ወደ ራሳቸው ሳቡ። የሰንበት ትምህርት ቤቱ አለቆች ግን አለቀቁኝም፤ በሠርግ ላይ በኦርጋን ከዘፈንሽ ከበሮውን ትተዪዋለሽ፣ ምረጪ አሉኝ። ፋሲካ እስኪደርስ፣ በጾሙ የማይመታውን ከበሮ እየዳበስሁ፣ እየሳምሁት፣ ሌት ከቀን አለቀስሁ። መዝሙሩም ዘፈኑም ከአንድ ደረት የሚወጡ ነበሩ፤ ምረጪ ያሉኝ እነሱ እንጂ እግዚአብሔር አልነበረም። ዛሬም የምለው ይህንኑ ነው።

የሠርጉ ለት ጠዋት በቅሎዋ ተጭና ስንወጣ አባቴ ደጃፍ ላይ ቆመው ነበር። «አልመረቅሁሽም» አሉኝ። ከዚያ ጋቢያቸውን አውልቀው ትከሻዬ ላይ ጣሉት፤ «የሙጃ ብርድ ግን ቀልድ አያውቅም።»

ዳሱ ውስጥ አፌን ስከፍት፣ «ኧረ ይሄ የዲያቆን ድምፅ ነው! ሙሽራዋን ልትቀድስ ነው?» ብሎ አንዱ አሳቀብኝ። ቀና ብዬ አየሁትና የባሰ ዝቅ አድርጌ ለቀቅሁት። ሙሉጌታ ከሥር ያዘኝ፤ ምቱም ያዘ፤ ያው ተሳዳቢ ትከሻውን እየሰበቀ መሐል ሲገባ አየሁት። ከዚያ ቀን በኋላ ልጆች እስክወልድ ድረስ በደጋው ሁሉ ዘፈንሁ።

ዛሬ ሳስበው ያጣሁት ቀላል አይደለም። አባቴ አንድም ቀን ሳይሰሙኝ ዐረፉ። ሙሉጌታ ርእሰ መምህር ሆኖ ጣቶቹ ጠመኔ ብቻ ያውቃሉ፤ ግራጫውም ጥርሶቹ አንድ በአንድ እየሞቱ ዝም አለ። ከበሮውን አልመለሱልኝም፤ ከሁሉም የሚያቃጥለኝ እሱ ነው፣ አልዋሽም። እንደገና ምረጪ ቢሉኝ ግን አሁንም ወደ ሙጃ እወጣለሁ። በየዓመቱ ገና ሲደርስ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ከሴቶቹ ሁሉ ኋላ፣ ጥግ ላይ እቆማለሁ፤ ዝማሬው ሲነሣ በዚያው በወፍራሙ ድምፄ፣ ሳልሸሽግ፣ ከደረቴ አወጣዋለሁ። ከፊት ያሉት ማን ነው ብለው እየዞሩ ያዩኛል። ይዩኝ።